ፊሽካው ለሌባ ነው

«ፊሽካ ለሌባ ነው እንጂ ለእጅ ነው እንዴ?» አለች እሑድ ጠዋት ዳቦ ወረፋ ላይ ከፊታችን የቆመችው ሴት። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እውነቴን እኮ ነው! እጅ በነካን ቁጥር ብንነፋ ይሄ ተራራ መች እንቅልፍ ያገኝ ነበር?» ሴትዮዋም «እኔማ ሚኒባስ ውስጥ ብቻ በቀን አራቴ እነፋ ነበር» አሉና ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። እህቴ ኔሊዳ ከኋላቸው ነበረች። የሹራቧን ቆብ እስከ ቅንድቧ ስለደፋችው አላወቋትም። ልናገር አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ተራዋ ሲደርስ ስምንት ዳቦ በሁለት ሶል ገዛች፤ ቆቧን ወደ ኋላ ጣለችና «እንደምን አደሩ ዶኛ ሄርሚኒያ፤ እንደምን አደርሽ ጁዲት» ብላ በየስማቸው ሰላም አለቻቸው። ዶኛ ሄርሚኒያ የዳቦውን ቅርጫት አተኩረው ማየት ጀመሩ። ጁዲት ደንግጣ «ብርዱ ጠና፣ አይደል?» አለች። «ጠና» አለች ኔሊዳ። ደረጃውን ወደ ላይ ተያያዝነው።

ሐሙስ ማታ የሆነውን ሰፈራችን ላስ ኒዬብላስ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሰዉ ያልተስማማው ስሙን ምን እንበለው በሚለው ላይ ብቻ ነው። ኔሊዳ መሀል ሊማ፣ ጂንስ ሱሪ ላይ ዚፕ ስትሰፋ ውላ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ታች አስፋልቱ ዳር ከሚኒባስ ትወርዳለች። ከዚያ በላይ ባጃጅ አይወጣም፤ ያለው ደረጃ ነው። እኔ ማታ ማታ የመድኃኒት መጋዘን ስለምሠራ ልቀበላት አልችልም። ባለፈው ዓመት እዚያ ደረጃ ላይ ሁለት ሴቶች ተዘርፈው፣ አንዷም ቦርሳዬን አልለቅም ብላ ጥርሷ ከወለቀ በኋላ፣ የሰፈሩ ስብሰባ ሁለት ነገር ወሰነ። አንዱ ለየቤቱ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፊሽካ ነው፤ ሦስት ጊዜ ረዘም ተደርጎ ሲነፋ ሁሉም ያገኘውን ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው ከሥራ አምሽተው የሚገቡትን ሴቶች ታች ጠብቆ እስከ ደጃፋቸው የሚያደርስ አጃቢ ነው። አጃቢነቱ መጀመሪያ በተራ ነበር። ወንዶቹ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦኩ ውለው ማታ ታች ወርዶ መገተሩ ታከታቸውና አንድ በአንድ ተዉት፤ በመጨረሻ ጡረተኛው ዶን አሊፒዮ ብቻቸውን ቀሩ። ብርድ ሳይሉ ካፊያ ሳይሉ በየምሽቱ ወርደው ይጠብቃሉ። ለገና ሰፈሩ ተሰባስቦ ፓኔቶን የሚባለውን የበዓል ዳቦና ጀርባው የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጣቸው። የምስጋናውን ንግግር ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የስብሰባው ጸሐፊ ስለሆንኩ።

ሐሙስ ዕለት፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ አምፖሉ የተቃጠለበት ቦታ ሲደርሱ፣ አሊፒዮ ኔሊዳን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ አንድ እጁን አፏ ላይ፣ ሌላውን ሹራቧ ውስጥ አስገባ። (እስከ ሐሙስ አንቱ እላቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምላሴ አልታዘዝ ብሎኛል።) ኔሊዳ ሚኒባስ ውስጥ እንደሚሳፈሩት ሴቶች ሁሉ መርፌ ቁልፍ ከፍታ እጅጌዋ ላይ ትሰካለች። እሱን ነቅላ ክንዱ ላይ መርፌው እስኪያልቅ ድረስ ሰካችበት። ሲለቃት ሦስት ጊዜ ነፋች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አርባ የሚሆን ሰው በዱላ፣ በብረት፣ አንዷ እንዲያውም በድስት ክዳን ወጣ። «የታል? በየት በኩል ሄደ?» ይላሉ። ኔሊዳ በጣቷ አሳየቻቸው። ሰዎቹ ከአሊፒዮ ኋላ ያለውን ጨለማ ነው ያዩት። እንደገና አሳየቻቸው። አሊፒዮ ክንዱን ይዞ «ምስኪን፣ ጥላ አይታ ደነገጠች፤ ልደግፋት ስል ወጋችኝ» አለ። በዚያ መሀል የሰባ አራት ዓመቱ ዶን ሶሲሞ ለእርዳታ ሲሮጡ እርጥቡ ደረጃ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸው ተሰነጠቀ። ይሄም እውነት ነው፤ አርብ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ጣሪያውን እያዩ ተኝተው «ልጅቷን እንዳትቆጧት» አሉኝ። በእሑዱ ስብሰባ ላይ ግን የእሳቸው መውደቅ የተነሳው ለሌላ ጉዳይ ነው።

አርብ ጠዋት አብሬያት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ተረኛው ወጣት ነው፤ ከእኔ አይበልጥም። «ምን ወሰደ?» አላት። «ምንም አልወሰደም።» «ስልክ? ቦርሳ?» «አልኩህ እኮ፣ ምንም።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ፤ ከልቡ የተቸገረ ይመስላል። የሆነውን ስትነግረው አቀርቅሮ ሰማና «በምን ወጋሽው?» ብሎ ጠየቀ። መርፌ ቁልፉን ስታሳየው እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። «ይሄ የአካል ጉዳት ነው፣ እህቴ። ሰውየው ቀድሞሽ ቢከስ አንቺ ነሽ የምትታሰሪው። ለራስሽ ብዬ ነው፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ።» ሦስት ሰዓት ወረፋ ጠብቀን ያገኘነው ምክር ይሄ ነው። ስንወጣ በሩ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት አየን፤ ሴት ሆይ፣ ዝም አትበይ ይላል።

ዳቦውን ይዘን ስንገባ እናታችን ስኳር ድንች ጠብሳ ጨርሳለች። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በአንደኛው ክፍል ሲሚንቶ በሌላኛው አፈር። እናቴ ዶኛ ቴዎፊላ ከሐሙስ ወዲህ ስለ ሁሉም ነገር ታወራለች፣ ስለ እሱ ብቻ አታወራም። ዳቦው እያነሰ መምጣቱን፣ ጋዙ አርባ ስምንት ሶል መግባቱን፣ የውሃ ቦቴው ዛሬ ቀድሞ እንደሚመጣ ነገረችን። ቀረፋ ሻዩን ስትቀዳ የኔሊዳን ብርጭቆ ከሁሉም አስቀድማ ሞላች፤ ስኳሩንም ራሷ ጨመረችላት፣ ሁለት ማንኪያ፣ እንደ ልጅ። ኔሊዳ አማስላ ተወችው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ምግብ ማብሰል የሚያስተምር ሰው ያሳያል። ሦስታችንም ሰውየው ሽንኩርት ሲከትፍ አየን። ቆይታ እናቴ «ነገ ዝርዝሩ ማዘጋጃ ቤት ይገባል አሉ» አለች፣ ሽንኩርቱን እያየች። የይዞታ ማረጋገጫው ዝርዝር ነው። እዚህ ቦታ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ወረቀት ኖረናል፤ ዝርዝሩ የሚሄደው በሊቀመንበሩ በዶን ሮሴንዶ ፊርማ ነው። ኔሊዳ «ሰማሁ» አለች።

ስለ እናቴ ሳወራ ትክክለኛ መሆን እፈልጋለሁ። አባቴ ደረቱን ይዞ የወደቀ ዕለት አምቡላንሱ ታች ቆሞ ሲጠብቅ፣ አሊፒዮ የራሱን ቤት በር ከማጠፊያው ነቅሎ፣ አባቴን በሩ ላይ አስተኝቶ፣ ደረጃውን ሁሉ ከፊት ሆኖ ተሸክሞ ያወረደ ሰው ነው። አባቴ ሆስፒታል ደርሶ፣ ከእኛ ጋር ተነጋግሮ፣ በሦስተኛው ቀን ነው የሞተው። እነዚያን ሦስት ቀናት የሰጠን ይኸው ሰው ነው። እናቴ ይህን አልረሳችም፣ እኔም አልረሳሁም። ግን ለአንድ ሰው ምስጋና አለብን ማለት የእህቴን ገላ በምስጋና ፈንታ እንሰጠዋለን ማለት መሆኑን ያኔ ማንም አልነገረንም።

ቦቴው ሲመጣ እኔና ኔሊዳ ባልዲ ይዘን ወረድን። አሊፒዮ ከላይኛው በርሜል አጠገብ ቆሞ ጎረቤቶችን ቱቦ በመያዝ ያግዛል። በቀን ብርሃን ሰደርያውን ለብሷል፤ ክንዱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፣ ሰው እንዲያየውም እጅጌውን ሰብስቦታል። «ኔሊታ፣ ልጄ» አለ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «አሁንም ተቀይመሽኛል? በሰው ፊት እኮ ነው ያዋረድሽኝ። አባትሽ ቢኖር ምን ይል ነበር?» ኔሊዳ ባልዲዋን አስቀምጣ «ክንድዎ እንዴት ነው፣ ዶን አሊፒዮ?» ብላ ጠየቀችው። «እየተሻለው ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «ያሳዝናል» አለችው፣ ባልዲዋንም ሞልታ ሄደች። አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደሆነ ለማየት ስዞር ሁሉም ውሃውን እያዩ ነበር።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኳስ ሜዳው ሲሚንቶ ላይ፣ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሮ ተጀመረ። ከአርባ ሦስቱ ቦታዎች አርባው ተገኝተዋል። ድምፅ የሚሰጠው በቦታ ነው፤ ለአንድ ቦታ አንድ እጅ፣ እሱም የተመዘገበው ሰው እጅ። አብዛኞቹ የተመዘገቡት ባሎች ናቸው። የእኛ ቦታ፣ ቁጥር አሥራ አራት፣ ከአባቴ በኋላ በእናቴ ስም ነው፤ ስለዚህ ኔሊዳ ልትናገር ትችላለች እንጂ እጅ አታወጣም። የመጀመሪያው አጀንዳ የውሃ ነበር። ሁለተኛውን ዶን ሮሴንዶ «የሐሰት ማንቂያ» ብሎ አነበበው። ሮሴንዶ አናጺ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ሲናገርም አልጮኸም። «አንድ አዛውንት አልጋ ላይ ናቸው» አለ። «ነገ እውነተኛ ሌባ መጥቶ ፊሽካ ሲነፋ፣ ሰዉ ‹ኔሊዳ ትሆናለች› ብሎ ቢተኛስ? ማን ነው የሚጠየቀው? እኔ የማንንም ስም አላጠፋም። ደንቡን ብቻ ነው የማውቀው። ኤልመር፣ አራተኛውን አንብብልን።»

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር አጥንቻለሁና ሰፈሩ ይሄ ልጅ ይጻፍልን አለ፤ እኔም ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ፣ ሰባት አንቀጽ አድርጌ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩት፤ ኮርቼበትም ነበር። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ ፊሽካ የሚነፋው ከሰፈሩ ነዋሪ ውጭ የሆነ፣ የማይታወቅ ሰው በነዋሪው ወይም በንብረቱ ላይ አደጋ ሲያደርስ ብቻ ነው። አነበብኩት። ሳነብ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ያንን ዐረፍተ ነገር በጻፍኩበት ምሽት ኔሊዳ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ እየሰፋች ነበር፤ እሷን ሴት የምትፈራው ማንን ነው ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳትም። «ዶን ሮሴንዶ፣ ይሄን አንቀጽ የጻፍኩት ተሳስቼ ነው፤ ይታረም» አልኩ። «አንተ ጸሐፊ ነህ፣ ታነባለህ» አለኝ። «ደግሞ ወንድሟ ነህ። እንዲያውም ዝም ብትል ነው የሚያምርብህ።»

ኔሊዳ እጇን አውጥታ ተነሳች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለች። «ሐሙስ ስነፋ አርባ ሰው መጣችሁልኝ። አመሰግናለሁ፣ በእውነት። ‹የታል?› አላችሁኝ። አሳየኋችሁ። ሁለት ጊዜ አሳየኋችሁ። ያን ጊዜ የማላውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው በዱላ ታደቁት ነበር፤ ተዉት ብዬ ብለምናችሁ እንኳ አትሰሙኝም ነበር። ስሙን ስለምታውቁት ግን ውሃ አመጣችሁለት። ታዲያ ከማን ነው የምትጠብቁኝ? እስቲ ንገሩኝና ልወቀው።»

ከወንዶቹ አንዱ ከኋላ «ሰውየው እኮ አባትሽ ይሆናል!» አለ። «አባቴ ሞቷል» አለች። ሌላው «መርፌ ይዞ መሄድ ምን ይሉታል? ነገ ቢላዋ ልትይዢ ነው?» አላት። ዶኛ ሄርሚኒያ ሳይፈቀድላቸው «እኔም እይዛለሁ፣ መርፌውን» አሉና ባላቸው ሲያያቸው ዝም አሉ። አሊፒዮ ራሱ አልተናገረም፤ ሸራው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ትልቅነት በተሞላበት ትዕግሥት፣ ጭንቅላቱን ብቻ ይነቀንቃል።

ሮሴንዶ ውሳኔውን አቀረበ። ኔሊዳ ፊሽካዋን ትመልሳለች፤ የሐሰት ማንቂያ መስጠቷን ቃለ ጉባኤው ላይ ትፈርማለች። «ካልፈረመች» አለ፣ ወረቀቶቹን እያስተካከለ፣ «ቦታ አሥራ አራት ከስብሰባው ጋር ጉዳይ ያለበት ቦታ ይሆናል፤ ጉዳይ ያለበት ቦታ ነገ በሚሄደው ዝርዝር ውስጥ ሊገባ አይችልም። እኔ አይደለሁም ይሄን ያልኩት፣ አሠራሩ ነው።» ከዚያ ድምፅ አስቆጠረ። እጆች ወጡ። እየቆጠርኩ መጣሁ፤ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳኛዋ እናቴ ናት። እጇን ከትከሻዋ በላይ አላነሳችውም፤ ፊቷ አጠገብ፣ ጸሐይ እንደሚከልል ሰው ያዘችው። ጸሐይ ግን አልነበረም፤ የሊማ ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ አመድ ነው። ቁጥሩን ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። «ሠላሳ» አልኩ።

ኔሊዳ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ፊሽካዋን ካንገቷ አውልቃ አስቀመጠች። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ሙሉ ስሟን፣ የአባቷንም የእናቷንም የቤተሰብ ስም ጨምራ፣ ቀስ ብላ ጻፈች። ወደ እናታችን አልዞረችም። ወደ ወንበሯም አልተመለሰችም፤ እዚያው ጠረጴዛው ጎን፣ እጆቿን ሹራቧ ኪስ ከታ ቆመች።

ሮሴንዶ ተነፈሰ፤ ነገሩ በሰላም አለቀ ማለቱ ነው። «ሦስተኛ፣ የሳምንቱ የአጃቢ ዝርዝር» አለ። ይሄ በየእሑዱ የሚደረግ ነው፤ አምሽተው የሚገቡት ሴቶች ስም ይጠራል፣ እያንዳንዷ የምትደርስበትን ሰዓት ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ኤርሜሊንዳ» ብሎ ጠራ። ኤርሜሊንዳ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ናት፤ ባሏ አሁን በኔሊዳ ላይ እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነው። «በራሴ እመጣለሁ» አለች።

«እንዴት በራስሽ?»

«በእግሬ ነዋ፣ ዶን ሮሴንዶ።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። «ያኔት?» የማታ ትምህርት የምትማረው ልጅ ናት። «እኔም በራሴ» አለች፣ ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ እያየች። «ጁዲት?» «በራሴ።» ሮሴንዶ ቀና አለና የሚቀጥለውን ስም ዝግ ብሎ ጠራ፤ ከዚያም ቀጣዩን። ሳቁ ቆሟል። አሥራ አንድ ሴት ተጠራች፤ አሥራ አንዷም አንድ ቃል ተናገረች። ምክንያት የሰጠች የለችም። ባሎቻቸው ወደ ሚስቶቻቸው፣ ከዚያ ወደ አሊፒዮ፣ ከዚያ ወደ መሬት ተመለከቱ። አሊፒዮ ሰደርያውን ቁልፍ በቁልፍ ፈትቶ፣ እንደገና ቁልፍ በቁልፍ ዘጋው።

ያኔ ገባኝ። አሥራ አንዳቸውም ያውቁ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ከሌባ አምልጠው ወደ እሱ እጅ ይገቡ ነበር፤ እኛ ደግሞ ፓኔቶን ሰጥተን አመሰገንነው። ለማን ይናገሩ? ለባሎቻቸው? ለዚያ ተረኛ ፖሊስ? በጥሩ እጅ ጽሑፍ ደንብ ለጻፈላቸው ለእኔ?

ሮሴንዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጻፍ፣ ኤልመር። ሰፈሩ ሰላም በመሆኑ የአጃቢ አገልግሎት ለጊዜው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።»

አሥራ አንዱን ስም አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ ከየስሙ ጎን ደግሞ «በራሴ እመጣለሁ አለች» ብዬ አሰፈርኩ።

«ያልኩህን ጻፍክ?»

«የሆነውን ጻፍኩ።»

«በዚህ ላይ እኔ አልፈርምም።»

«አይፈርሙ» አልኩት።

ኔሊዳ ሁለታችንንም አልሰማችንም። «ኤርሜሊንዳ፣ ታች ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ?» ብላ በሜዳው ማዶ ጠየቀቻት። «ሦስት ተኩል፣ ካልቀደምኩ።» «እኔ ሦስት ከሃያ ነኝ። እጠብቅሻለሁ፤ ዶሮ ጥብስ ቤቱ በር ላይ፣ መብራት አለ።» ያኔት «እኔ አራት ሰዓት ነው የምወርደው፣ ትጠብቁኛላችሁ?» አለች። «ሁለት ዶሮ እየተካፈልን!» አለች ጁዲት ከኋላ። ሮሴንዶ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ «ይሄ አጀንዳ ላይ የለም! ሥርዓት ይከበር!» እነሱ ሰዓት መቁጠራቸውን ቀጠሉ። ኔሊዳ እስክሪብቶዬን እንደያዘች ነበር፤ ወረቀት ስላልሰጠናት መዳፏ ላይ ትጽፋለች።

እናቴ ተነሳች። «እኔም ታች እሆናለሁ፣ ደረጃው ሥር፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ያልተሰማች መስሏት ይሁን እንጃ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። እናቴ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ስለማይታጠፍ ደረጃ የምትወርደው በጎን፣ ግድግዳ ይዛ ነው፤ ሦስት ሰዓት ታች ለመድረስ ሁለት ተኩል ላይ መነሳት አለባት። አርባ ሦስት ቦታ ያለው፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ፣ ደንብና ሰደርያ ያለው፣ ከስልሳ የማያንስ ወንድ ያለው ሰፈር ነው። ከነገ ጀምሮ ሴቶቹን የምትጠብቀው እናቴ ናት።

ኔሊዳ ከመዳፏ ቀና አላለችም። የመጨረሻውን ሰዓት ጽፋ ስትጨርስ፣ አሁንም ሳታያት፣ «ወፍራም ነገር ደርበሽ ውረጂ» አለቻት። «ታች ነፋስ አለ።»